ጅማት

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ አዌቱ በሚታጠፍበት፣
የአባ ፊጣ መጋዝ ቤት አለ፣ ሰጋቱራ የሚዘንብበት።
ቀን ቀን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከዋንዛ ይፈለፍላል፣
ሲመሽ ከሚስማሩ ቀስት ያወርድና «መይሙና፣ ነይ» ይላል።

እኔ ስፌተኛ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት በመኪናው ላይ ጎብጬ፣
የተማሪ ዩኒፎርም ስዘመዝም፣ አንገቴን በትከሻዬ ውጬ።
«ቀስቱ ይቆይ» አለኝ፤ «ትከሻሽ ይቅደም። ለጆሮሽ ምን ሊነግረው
ይሄን ያህል ተንጠራራ? ማን ነው እንዲህ የወጠረው?»

ሦስት ሳምንት ፍላጻ የለም። ባዶ ጅማት ብቻ፤
መሳብ፣ መመለስ፣ መሳብ፣ እስከ ከንፈሬ ዳርቻ።
«ባዶውን እንዳትለቂው፤ ፍላጻ ያልጎረሰ ቀስት
ሲጮህ ይሰነጠቃል።» መለስኩት፣ በፍርሃት፣ ሳልስት።

«ግራ እጅሽ ጫጩት ይዟል በይ፤ ካጠበቅሽው ትታፈናለች፤
ካላላሽው አሞራ አለ።»
                    ጫጩቷ ስንቴ ሞተች!
«በክንድሽ አትሳቢ። ክንድ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ይደክማል፤
ሁለቱን የጀርባሽ ሳንቃ ግጠሚ፤ ሲገጥም ይሰማል።»
(አናጢ ነውና ሰውን ሁሉ በሳንቃ ነው የሚያስበው።
እኔም በክር ነው የማስበው፤ በዚህ አልፈርድበትም፣ ልተወው።)

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ፣ የቡና ገለባ የታጨቀበት
ጆንያ ሰቀለልኝ፤ አንድ እርምጃ ነው፣ ነጥብ የሌለበት።
«ዓይንሽን ጨፍኚ። ከዚህ መሳት አይቻልም፤
መምታትም ሙያ አይደለም። እጅሽን ስሚው፤ ሌላ ሥራ የለም።»

እኔ ግን የመጣሁት ለዒላማ ነው። ሩቅ ይሁንልኝ
ብዬ ጨቀጨቅሁት፤ በመጨረሻ ዐሥር እርምጃ ተፈቀደልኝ።
ሳብኩ። ትንፋሼ ታነቀ። ጣቴ ተፈነቀለ።
ፍላጻው ጆንያውን አልፎ፣ ገና ቅባት ባልጠጣ
በርጩማ እግር ላይ ተተከለ።

በርጩማውን አየው። እኔን አየኝ። አልተቆጣም።
«እሱንስ ቢሆን መች አየሽው?» አለ።
በርጩማው ገበያ አልወጣም፤
እስከ ዛሬ የምቀመጥበት እሱ ነው፣ ቀዳዳው ጣቴን ያስገባል።

«ለምን ትወረውሪዋለሽ?» አለኝ። «ፍላጻው መንገዱን ያውቃል።
መልቀቅ የሚባል ሥራ የለም። መያዙን ተዪ። በቃ።»
ይህን ሲል ስለ ጊንጆው ቦታ አልሰማም፣
ከወንድሜ ከሙዘሚል ጋር ስለቆምንበት ሙግት፣
በአጥሩ መሃል ስለ በቀለችው አቮካዶ፣
ፍሬዋ በሁለታችንም ግቢ ወድቆ ስለሚበሰብሰው።
ወይም ሰምቶ ይሆናል። ሂርማታ ላይ ምን የማይሰማ አለ?

እንደገና ወደ አንድ እርምጃ። ዓይን ጨፍኖ። ሐሙስ፣ ዓርብ።
የገለባው ሽታ፣ የጅማቱ ጉንጭ ላይ ማረፍ፤
ሳንቃዎቹ ቀስ ብለው ሲቀራረቡ፤
ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቅ፣ በእጄ ውስጥ ምንም አልነበረም።
ጧ።

ድምፁ ስንኝ መስሎ ቤት መታ።
እጄን ለማውረድ ስቸኩል፣ «ቆይ» አለኝ፣ «ገና ነው፤
እስኪያርፍ ድረስ የአንቺ ነው፣ መሸኘትሽን አትርሺው።»

ፍላጻ አስታረቀን አልልም። ቀጠሮው ለሐምሌ ነው።
ግን ጅማ ላይ አንዲት ፊደል ብትጨመር
ጅማት እንደምትሆን ያየሁት ያን ማታ ነው።

ደመናው ከጅሬን ኮረብታ ሲወርድ አባ ፊጣ ቀስቱን ተቀበለኝ፤
«ተወጥሮ ያደረ ቀስት ይሰንፋል፣ ሰውም እንዲሁ» አለኝ፤
ጅማቱን ከጫፉ አላቀቀ። ቀስቱ ተቃና፣ ተራ እንጨት መሰለ።

በዝናብ ወደ ቤቴ ስሄድ ትከሻዬን ፈለግሁት፣
ከጆሮዬ ርቆ፣ ወርዶ አገኘሁት።
ነገ ሃያ ስድስት ዩኒፎርም ይጠብቀኛል።
ተመልሶ ይሰቀል ይሆናል።
ይሰቀል። ማውረጃውን አውቄዋለሁ።