ቆጠራ በኡሬማ ሐይቅ ዳር

ደብተሬ ላይ አራት ዓምድ አለ፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ጆሮ፣ ጥርስ።
ማለዳ በኡሬማ ዳር፣ ጉሙ ከውኃው ሳይፈርስ፣
መኪናውን አጥፍተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣
ሊጠጡ እስኪወርዱ፣ ከነፋሱ በታች ተቀምጠን።

አሮጊቷ ትመራለች፣ ግልገሉ በሆዷ ጥላ፣
ሴት ልጆቿ ተሰልፈው፣ አንዷ ከአንዷ ኋላ።
እጽፋለሁ፦ የለም። የለም። አንዲት በግራ ብቻ። የለም።
ደብተሩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ሌሊት እንቅልፍም የለም።

እኔ ዜፌሪኖ ነኝ፣ አሁን የፓርክ ዘብ የሚሉኝ፣
በአሥራ አምስት ዓመቴ ግን ጠመንጃ ነው ያሸከሙኝ።
ጦሩ ሥጋውን ይበላ፣ በጥርሱ ጥይት ይገዛ ነበር፤
አዛዡ በጣቱ ያሳየናል፦ «ያንን፣ ያቺን፣ ያንን ከዳር።»
ረጅም ጥርስ ያላትን። ሁልጊዜ ረጅም ያላትን።
ባዶ አፏን ይዛ ለቆመች ማን ጥይት ያባክናል፤
«እሷን ተዋት፣ ምን አላት» ብሎ አዛዡ ይስቃል።

ዛሬ የመንደሩ ሰው፦ «ዝሆን ብልህ ነው፣ ዐወቀ፤
ሰው እንዳይገድለው ብሎ ጥርሱን ከራሱ አራቀ» ይላል።
ሐሰት። እኔ እዚያ ነበርኩ። አንዷም ጥርሷን አላራቀች፤
ያላት በቆመችበት ወደቀች፤ የሌላት ቀርታ ወለደች።
አንዲት ዝሆን አልተለወጠችም። መንጋው ነው የተለወጠ፣
እኛ እየቀነስን፣ እየቀነስን፣ የተናቀው እየበለጠ።

ከቤይራ የመጣችው፣ ደም የምትቀዳው ፍሎሪንዳ፣
ልጄን ታህላለች፤ ለእውነት ሲሆን የማይዛት የይሉኝታ ዕዳ፣
አሸዋው ላይ በእንጨት እየጫረች፦
«ከጦርነቱም በፊት ጥርስ የሌላት ትወለድ ነበር፣
ከመቶው ጥቂት፣ እንደ ግራኝ ሰው፣ ሳትታወቅ ከመንጋው ዳር።
ዘረመል ሲገለበጥ አንዳንዴ ፊደል ይስታል፤
ስሕተቱ አይጮህም፤ ከእናት ወደ ልጅ ዝም ብሎ ያልፋል።
ዓለም የተገለበጠ ቀን፣ ዳር የነበረው መሃል ይሆናል።»

«ታዲያ መራጩ ማነው?» አልኳት። እንጨቱን ጣለች።
ቀና ብላ አላየችኝም። ሐይቁን ሐይቁን አየች።

ዋጋም አለው። ሴቷን ያተረፈ ጉድለት
ከወንዶቿ ግማሹን በማሕፀን ያስቀራል፤
ስቆጥር ወንድ ግልገል የሚያንሰኝ ለካ ከዚህ ይነሣል።
የማን ጥይት ነው ይሄ፣ ያልተወለደን የሚያገኝ?
ይህን ፍሎሪንዳን አልጠየቅኋትም።

ከሰላም ወዲህ ግን ሠላሳ ክረምት አለፈ፤
ውኃ ለመማስ፣ ልጥ ለመላጥ፣ ጥርስ ያለው ዳግም አተረፈ።
ዛሬ፣ ከባዶ አፏ እናት ጎን፣ የሦስት ዓመቷ ልጅ
ኩምቢዋን ወደ ቅርንጫፍ ስትዘረጋ፣
ከከንፈሯ ስር ነጭ ነገር፤ የሕፃን ጣት የሚያህል፣ ጭቃ የነካው።

ፍሎሪንዳ «ጻፈው እንጂ» አለች። እርሳሴን አነሣሁ።
ከዚያ በፊት ግን፣ እንደ ድሮው፣ ርዝመቱን በዓይኔ ለካሁ።

አፈርኩ።
ከዚያ ጻፍኩ፦ አለ።