ልክ ሩቡ

ሣጥኑን እኔ ገጠምኩት፣ ቡሬ፣ ከቤቴ ጓዳ፤
ቦርዱ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ያገለገለ ግን ያልተጎዳ፣
ፓወሩ ከትምህርት ቤት የተጣለ አሮጌ ዕቃ፣
ሚሞሪው ሁለት ዘር፣ አንዱ ሲያንቀላፋ አንዱ የሚነቃ።
ልቡን ግን፣ ፕሮሰሰሩን፣ በደህና ብር ገዛሁት፤
ከመርካቶ፣ ከምንይችል ሱቅ፣ በአውቶቡስ አስመጣሁት።
ስፖንጅ ላይ ተሰክቶ፣ በሣሙና ካርቶን ተኝቶ
ዓባይን ቁልቁል ወረደ፣ ሽቅብ በደጀን ወጥቶ።

አናቱን ቅባት ቀባሁት፣ እንደ አራስ ልጅ፣ በስሱ፤
ማራገቢያውን ጫንኩበት ትኩሳት እንዳይነሣው ከራሱ።
ማብሪያውን ስጫን አንድ ጊዜ ጢጥ አለ፣
ጥቁሩ መስኮት ነጭ ፊደል አበቀለ።

ደረሰኜ ሺህ ስምንት መቶ ሜጋኸርዝ ይላል፤
መስኮቱ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ።
ማን ዋሽቷል?

በርበሬ ሲመዘን ያደግሁ የቡሬ ሰው ነኝና
ጎደሎ ኪሎ አይቼ ዝም አልልም ገና።
ደወልኩ። «ሌባ!» አልኩት ምንይችልን፣
«አራት መቶ ሃምሳውን የት ጣልከው? አምጣ ድርሻዬን!»
ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማኛል።
ከኋላው የመኪና ጡሩምባ፣ የሸክላ መጫኛ፣ ሰው ይጯጯኻል።
«ዕቃው ደህና ነው ወንድሜ፤ ቦርዱን ጠይቀው» አለኝ፤
ዘጋሁበት። ሌሊቱን ንዴቴ አላስተኛኝ።

ጥሩዓለም፣ ባለቤቴ፣ ሂሳብ ነው የምታስተምረው፤
የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር፤ «እስቲ ቁጥሩን ንገረው» አለች፣
ለኔ ሳይሆን ለእርሳሷ። ጻፈች። አጠፋች። አካፈለች።
«ሌባ እንዲህ አይሰርቅም» አለች ቀና ሳትል፤
«ልክ ሩቡ ነው የጎደለው፣ አንድም ሳይዛነፍ በመሀል።
ሌባ ያገኘውን ነው የሚዘግን።
ይኸ የሆነ ሰው በሦስት የመታው ነው፣ በአራት መምታት ሲገባን።»

‹ዲሊት›ን ተጭኜ ከሰማያዊው ገጽ ገባሁ፤
ከመስመር መስመር ስወርድ ፍጥነቱ ካለበት ደረስሁ፦
መቶ።
መቶ ሠላሳ ሦስት መሆን ሲገባው፣ መቶ።
ልጁ አልሰነፈም ለካ፤ ከበሮ መቺው ነው ያዘገመበት፣
እሱማ በተመታለት ልክ ነው የረገጠበት።
ቀየርኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ተነሣ፤
ሺህ ስምንት መቶ! ያች ሃምሳ የምትባል ቃል ተረሳ።

ሌሊት መብራት ሄደ።
ጠዋት ሳበራው ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ። ደግሞ ቀኑም ተናደ፤
ከተማው ለሚሊኒየም አጥሩን ቀለም ሲቀባ
የኔ ሣጥን በፈረንጅ ቀን አምስት ዓመት ወደኋላ ገባ።

በጥሩዓለም የቅንድብ ወረንጦ
ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ ፈለቀቅኳት፤ ወጣች ተስፈንጥራ፣
አልጋ ሥር ገባች፤ በእጄም በመጥረጊያም ፈልጌ ያዝኳት በስንት መከራ።
አያ ቢተው፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ በምላሱ ጫፍ ነካ፤
«ሞታለች። አምስት ብር» አለ። በቃ፣ ሳይለካ።

ከዚያ ወዲህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤
ቁጥሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ ሰዓቱም ቀጥ ብሎ ይቆጥራል።

የቀረው ስልኩ ነበር።
ሦስት ቀን አነሣሁት፣ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት።
በአራተኛው ደወልኩ፤ የሸመደድኩትን ይቅርታ ሳልጀምረው
«ስንት አለ?» አለኝ።
«ሺህ ስምንት መቶ።»
«እሺ» አለ። ደግሞ ቆይቶ፣ «የማቻከል ልጅ ነኝ እኔ፣
ያገሬ ሰው ሌባ ሲለኝ ያንተ የመጀመሪያ ነው ለኔ።»

የምለው ጠፋኝ። የምልከውን ግን አውቃለሁ።
በነጋታው ከአውቶቡሱ ረዳት እጅ በርበሬ አኖርሁ፣
ዛላው የተመረጠ፣ ዘንድሮ የደረቀ።
ላዩ ላይ «አንድ ኪሎ» ብዬ ጻፍኩ፤
ጥሩዓለም ስትመዝነው ኪሎ ከሩብ ነበረ፤
አየችኝ፤ አየኋት፤ አሠረችው።
ደረሰኝ አልጻፍኩም።