የቃሬዛው ቦታ

ከጅማ ስወጣ ጎሁ ገና ሳይቀድ፣
ነጭ አምቡላንስ ይዤ በዴዶ መንገድ፣
በሩ ላይ የማላውቀው ባዕድ ፊደል አለ፤
በላዩ የኛ ተለጥፎ፣ ጠርዙ የተነቀለ።

"ያገለገለ ነው" አሉኝ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣
"በሰው አገር በረዶ ላይ ሮጧል" ብለው ነገሩኝ።
ከኋላ ወንበር ሥር አንዲት ጓንት አገኘሁ፣
የሕፃን፣ ቀይ፣ የግራ እጅ፤ ይዤያት ቆየሁ።
ማን ትሆን የጣለቻት? ድና ይሆን የሄደች?
መስተዋቱ ላይ አሰርኳት፤ ስትወዛወዝ ዋለች።

አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንች ተቀበለኝ፣
ኮረኮንቹ ሲያልቅ ጭቃው "ና ግባ" አለኝ።
ሁለቴ ተያዝኩኝ፣ ሁለቴ ተገፋሁ፣
ሦስተኛው ላይ በበሬ ተጎትቼ ወጣሁ።

ቱሉ ሌንጫ ስደርስ ሳይረኑን ነካሁት፤
ምን ቆርጦኝ እንደሆን!
ፍየሉ በረገገ፣ አህያው ጭነት ጣለ፣
አንድ ሽማግሌ "ቂያማ ነው?" አለ።
ፈጥኜ አጠፋሁት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር ነበረው፣
ሦስት ገጽ፣ በሁለት እጁ አጥብቆ የያዘው።
ነፋስ አንዱን ገጽ ወስዶ እንሰት ላይ ሰቀለው፤
ማንም አላዘነ፤ እሱም ዘሎ ቀጠለው።

ከዚያ አባ ፊጣ መጣ፣ ቃሬዛውን ተሸክሞ፣
ለአራት ሰው የተሠራውን ብቻውን ተሸክሞ።
ቀርከሃና ጠፍር ነው፤ መሀሉ ጠቁሯል፣
የስንቱ ላብ፣ የስንቱ ደም እዚያው ላይ ደርቋል።
"ይቃጠል!" አሉ ወጣቶቹ፤ "ዘመኑ አለፈበት!"
ሳር አመጡ፣ ክብሪትም አወጡለት።
ሽማግሌው መኪናው ጎን ቃሬዛውን አስደግፎ፣
ከጎማው ላይ ጭቃውን በጣቱ ገፎ፣
እንዲህ አለን፦

"አልፊያን ያወረድኳት በዚህ ነው፤ ሰኔ ነበር።
ስምንት ሆነን ነው፣ እየተፈራረቅን።
ወንዙን ተሻግረን ዋንዛዋ ጋ ስንደርስ፣
'አውርዱኝ' አለችኝ፤ 'ትንሽ ልተንፍስ።'
አወረድናት።
ውሃ ልቀዳላት ሄድኩ፤
ስመለስ ቅሉ ሞልቶ፣ እሷ..."
አልጨረሰውም።

ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦ "ይሄ ነጩ ያንተ፣
ዋንዛዋን አልፎ ይወጣል?" አፌ ተከፈተ፣
መልስ ግን አልወጣውም።
ከዋንዛዋ በላይ መንገዱን የጠረገው ፍየል ነው፤
በቅሎ እንኳ ስትዞርበት ጭንቅ ነው።
"አይወጣም" አልኩ።
"እንግዲያስ" አለ፣ "ክብሪቱን ኪሳችሁ መልሱት።"

በዘጠነኛው ሌሊት፣ በዶፍ ዝናብ፣ ስልኬ ጠራ፤
መኪያ ነበረች፣ ከጤና ኬላው፤ ግማሽ ቃሏን ነፋስ እየዘራ፦
"ሸምሲያ... ሁለተኛ ቀኗ... ቃሬዛው ተነሥቷል..."
ዋንዛዋ ሥር መብራቴን አብርቼ ጠበቅሁ።
መጀመሪያ የእጅ ባትሪ አየሁ፣ ከዚያ ስምንት እግር፤
ከፊት አባ ፊጣ፣ በሰባ ዓመቱ፤
"አንተ ይቅርብህ" ቢሉትም እንቢ ብሎ ነበር።

ሸምሲያ ዓይኗን ጨፍና "ልተንፍስ" ስትላቸው፣
"እዚህ አይደለም!" አለ፤ ጩኸቱ አስደነገጣቸው።
"እዚያ ውስጥ ተንፍሺ፣ ልጄ! እዚያ ውስጥ!"

ሼኪ ሳንደርስ፣ ኮረኮንቹ ላይ፣ ልጅ ከች አለች፤
"ቁም! የሚሞቅ ነገር አምጣ!" መኪያ ከኋላ ጮኸች።
ካፖርቴን ሰጠሁ፤ ጠቀለልናት፤ እግሯ ቀረ፣
የጣቴን ያህል፣ ሰማያዊ፤ ይንቀጠቀጥ ነበረ።
ጓንቷን ከመስተዋቱ ፈታሁ፤
ሁለቱም እግሮች ባንዷ ገቡ።

አሁን የካቲት ነው። ነዳጅ በወር ሁለቴ ይመጣል፣
አንዳንዴም አይመጣ። የፊቱ ጎማ ተልጧል።
ለመለዋወጫ ጽፈናል፤ ማኅተም አለው ደብዳቤው።
ቃሬዛው የጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ነው ቦታው።
መኪያ ጠፍሩን ቅቤ ትቀባዋለች፣ እንዳይሰነጠቅ።
እኔም በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ፤
የቀርከሃው ጫፍ፣ ትከሻ የሚያርፍበት፣
ከመሪዬ ይልቅ ያበራል።