ውሃ ልክ

ቦሎኛ። የካቲት። ከሌሊቱ ስድስት።
ግድግዳችን ሦስት፣
ሥዕላችን አሥራ አምስት።

ኦርኔላ ካርቶን ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ሜትሩን እንደ ሻርፕ ባንገቷ አጥልቃ፣
«ሁሉንም ስቀለው፣ ፊዮሬንዞ፣ እባክህ፤
የዚህች ግድግዳ ኪራይ ሜትሯ ስንት መሰለህ?
ነጭ ቀለም ልሸጥ ነው እዚህ ያመጣሁህ?»

እኔ ሚስማር መቺ ነኝ፣ ክርክር አላውቅም፤
አሥራ አምስቱን ሰቀልኩ፣ አልተናገርኩም ምንም።

ሰባት እርምጃ ያህል ወደኋላ ሸሸን፤
ሥዕሎቹ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኹብን፣
ልክ እንደ ደላሎች ክንድ እየጎተቱ፣
«ወዲህ ኑ! ወዲያ አትዩ! እሱ ምን አባቱ!»

ከጥግ፣ ከመብራቱ ርቃ፣ አንዲቱ ዝም ብላለች፤
በሁለት ጯሂዎች መሀል ተጣባለች።
ጎህ ሲቀድ የታየ የጨው ውሃ ማውጫ፣
ሰማዩ ግራጫ፣ ኩሬው ግራጫ፣
ዳር ላይ አንድ አካፋ፣ እጀታው ብቻ ቢጫ።
ሠሪዋ ጄልሚና፣ ሰማንያ ያለፋት፣
በቀይ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ባውቶቡስ ሰደደቻት።

መሰላል ላይ ወጣሁ። አንዱን አወረድኩ።
ኦርኔላ ዝም አለች። ሌላውን ደገምኩ።
ስድስተኛው ላይ «በቃህ!» አለች፤ አልቆምኩ።
አሥረኛው ላይ መጥታ ያዘች መሰላሉን፤
ከዚያ እሷው ተቀበለችኝ የቀረውን።

አሥራ አራቱ ከመጋረጃው ጀርባ፣
ፊታቸው ወደ ግድግዳ፣
እንደ ተቀጡ ተማሪዎች።
ኪራዩን ይመልስ አይመልስ፣
ያ የኔ ሂሳብ አይደለም።

ጨዉን መሀል ሰቀልኳት፣ ዐይን በሚያርፍበት፤
ውሃ ልኩን አኖርኩ በክፈፏ አናት።
አረፋዋ ዋለለች፣ ግራ አለች፣ ቀኝ አለች፣
እንደ ሰው አሰበች፣
ቆመች።
መብራቱን ከጎን ሰጠኋት፣ ዝቅ አድርጌ፣
ጎህ ከየት እንደሚመጣ ካካፋው ጥላ ፈልጌ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ወልዋይዋ ቪዮሪካ
ባልዲዋን እየገፋች መጣች መደዳውን ታካ።
ከጨዉ ፊት ስትደርስ ቆመች እኛው ጋ፤
ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ተናወጠ፣ ቀስ ብሎ ረጋ።

የሠሪዋን ስም አልጠየቀች፣ ዋጋውንም አላየች።
ብዙ ቆየች።
ከንፈሯን በምላሷ ዳሰስ አደረገችና፣ ዘወር አለች፦
«ይቅርታ፣ የሚጠጣ ውሃ አላችሁ ወይ?» አለች።

ኦርኔላ ጠርሙሷን ከፍታ አቀበለች፤
ከዚያም ቁጭ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።