የተጣለ ቅርፊት

በቼንግዱ ክረምት ግድግዳው ያልበዋል፣
ሸሚዝ ገመድ ላይ እንዳለ ሻጋታ ያወጣል።
እኔና እህቴ ሊያንዪ ባንድ አልጋ እንተኛለን፣
እሷ ስታክ፣ እኔ ስሰማ፣ ሌሊቱን እናጋምሳለን።
የጥፍሯ ድምፅ አይጥ ይመስላል፣ ጣውላ የሚፍቅ፣
በክርኗ እጥፋት፣ በጉልበቷ ጀርባ፣ ችፌው ሲረጥብ ሲሰነጠቅ።
እናታችን ካልሲ አልብሳ እጆቿን፣ በክር ብታስር አንጓዋን፣
ጠዋት ካልሲው ወለል ላይ ነው፤ አንሶላው ይዞ ያድራል ደሟን።

ስድስት ቱቦ ቅባት ጨርሰን፣ ሆስፒታሉን ተመላልሰን፣
አዛውንቱ ፓንግ ዘንድ ሄድን፣ ጠባቡን ደረጃ ወጥተን።
መቶ መሳቢያ ያለው ግድግዳ፣ በየመሳቢያው ላይ ጽሑፍ፣
ሽታው፦ አፈር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ዝናብ የነካው መጽሐፍ።
ምላሷን አዩ። በሦስት ጣት የእጇን ትርታ አደመጡ፣
“ነፋስ ገብቷል፣ እርጥበት አድሯል” አሉ፤ ሚዛኑን አስቀመጡ።

መራራው ኩሸን፣ ስር ነው፣ ምሬቱ ስም የሆነለት፣
የሁዋንግባይ ቢጫ ልጣጭ፣ ድስት ሙሉ ቀለም የሚወጣለት፣
የወርቅና ብር አበባ፣ ነጭ ፈክቶ ቢጫ ሆኖ የሚረግፍ፣
በመጨረሻ አንድ እፍኝ ቅርፊት፣ እፍ ቢሉት የሚከንፍ።
ዓይን አለው፤ ጥፍር አለው፤ ጀርባው ላይ ስንጥቅ አለ፤
“ዛፍ ላይ ያ የክረምት ጩኸታም፣ ልብሱን አውልቆ ጣለ።”
“አላመመውም?” አለች ሊያንዪ፤ ከገባን የመጀመሪያ ቃሏ፣
“ቆዳውን አውልቆ ሲወጣ?” ጥፍሯን ሳትነቅል ከቁስሏ።

ፓንግ መልስ አልሰጡም። ወረቀቱ ሲታጠፍ በእጃቸው፣
እጅጌው ተሰበሰበ፤ አየነው፦ እንደ ልጣጭ የተቀረፈ ቆዳቸው።
አርባ ዓመት ስርና ቅጠል ሲያጥብ፣ ሲፈጭ፣ ሲሰፍር፣
ከሰው ገላ ያባረረው ሁሉ፣ እጁ ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖር።
እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። እሳቸው እጅጌያቸውን ሳቡ፣
ዋጋውን ባሮጌ መቁጠሪያ ቀስ ብለው አሰቡ።

ሸክላው ድስት ሁለት ሰዓት ፈላ፤ ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ፣
“ግቢ!” አለቻት እናቴ ገንዳውን፣ “ተከፍሎበታል ዋጋ!”

ዳነች ወይ ብትሉኝ፣
ችፌው ጠፈፈ፤ ግን ክረምቱም አብሮ አለፈ፣
የትኛው የትኛውን እንደረታ ማንም አልጻፈ።
የማውቀው፦ ሁለተኛውን ጥቅል ልንወስድ ስንመለስ፣
ከድስቱ የሰረቀችውን አንድ ቅርፊት ከኪሷ አወጣች፣ በቀስታ፣ እንዳይፈርስ፤
በአዛውንቱ እጅጌ ላይ አንጠለጠለችው፤ ጥፍሮቹ ጨርቁን ያዙ።
አላራገፉትም።
እንዳለ ትተው፣ መራራውን ስር መመዘን ያዙ።