ላይ እና ሌይ

የማታ ኮርስ ነው፤ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣
መስኮቱ የማይገጥም፣ የባጃጅ ጥሩምባ
ሳይጠራ የሚገባበት።
ሠላሳ ሁለት ነን፤ ግማሹ ከፋብሪካ፣
ልብሱ ላይ ክር ያለ፣ ዐይኑን እንቅልፍ የነካ።

ቲቸር ዱካሌ ጠመኔውን ሰብሮ፣
ሁለት ቃል ጻፈና ወደኛ ዞሮ፦
«‹ላይ› ማለት መተኛት፣ ‹ሌይ› ማስተኛት ማለት፤
አንዱን ለራስ እንጂ ለሌላ አይሉት።»

ከኋላ ሳቅ ሆነ። «ቲቸር፣ ምን ላይ?» አለ
ባለባጃጁ ቡሪሶ፣ እጁን እየሰቀለ።
«በኛ ቋንቋ ‹ላይ› ማለት ከፍታ ነው፤ ታቦር!
በነሱ ግን ‹ላይ› ሰው የሚዘረርበት ምድር?»

ዱካሌም ሳቀና በመስኮቱ ጠቆመ፤
በሐዋሳ ምሽት ውስጥ ተራራው ጠቆረ፣ ደከመ።
«አላሙራን እዩት። ማን አጋደመው? ማንም።
ራሱ ተጋድሟል፤ ሌላ ሰው እጁ የለም።
‹ላይ› ይኼ ነው። ‹ሌይ› ግን ብቻውን አይቆምም፤
‹ምንን?› ሲሉት መልስ ይሻል፤ ያለ ዕቃ አይሆንም።

በሉ ዐረፍተ ነገር። ማቱኬ፣ ተነሺ፤
ወደ ኋላው ወንበር እንዳለፈው አትሽሺ።»

ሌላ ምን አውቃለሁ? የማየውን ሠራሁ፤
አባቴን ከቤቱ ይዤ ሰሌዳ ላይ ወጣሁ።
«ማይ ፋዘር» አልኩኝ፤ «ሌይስ» — ጆንያ ያስቀምጣል፤
ከአይሱዙ አውርዶ ሌላውን ይሸከማል።
«ምንን? ጆንያውን!» አለ ቲቸር። «ልክ ነው፤ ተገኝቷል።»

«ቀጥይ በ‹ላይ›» ሲለኝ ምላሴ ተያዘ፤
ጣቴ ጠመኔው ላይ እንዳለ ደነዘዘ።
አባቴ ሲጋደም አላየሁትማ!
ማታ ስገባ ቁጭ ነው፣ ግድግዳ ተደግፎ፤
ጠዋት ስነሣ የለም፣ ጨለማውን ገፎ።
«ደከመህ?» ስለው፣ «አይ» ይላል፤ «ምን ደከመኝ?
አንቺ ብቻ ተማሪ፤ እንቅልፍ እንደሁ ኋላ ያግኘኝ።»

ይህን ሳስብ ዱካሌ ጥግ ላይ ሌላ ጻፈ፦
«‹ላይ› መዋሸትም ነው፤ በዚህ ስንቱ ወደቀ፣ ስንቱ አለፈ።»

ያኔ እጄ ተፈታ፤ ዐረፍተ ነገሬ ሞላ፦
አባቴ ‹ላይ›ን ያውቃል፤ መጋደሙን ሳይሆን፣ ሌላ።
ግን አልጻፍኩትም።
ሰው ፊት አባትን ውሸታም ማለት
በእንግሊዝኛም ቢሆን ነውር ነው።
«አላሙራ ላይስ» ብዬ ተቀመጥኩ።
«ኤክሰለንት!» ተባልኩ።

ሐምሌ ገባ። ዝናብ ውሎ፣ መናኸሪያው ጭቃ፣
አባቴ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ የሰው ዕቃ።
ቡሪሶ ነው ያመጣው፤ እስከ በር ደግፎ፣
ሒሳብ ልስጥህ ስለው ሄደ እጁን አራግፎ።

ፍራሹን ዘረጋሁ፤ በብብቱ ያዝኩት፤
ዕድሜ ልኩን የሰው ሸክም ሲሸከም ያየሁት፣
ግማሽ ጆንያ አይሞላም። ቀስ ብዬ አስተኛሁት።
ምንን? አባቴን። ሌይድ።
ልክ ነው፤ አገኘሁት።

«ደከመህ?» አልኩት። ቆርቆሮውን አየ፤ ቆየ።
«አዎ» አለ፤ ድምፁ ከወትሮው ተለየ።

ማክሰኞ ለት ቲቸር ሰሌዳውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦
«የ‹ላይ› ያለፈው ጊዜ ‹ሌይ› ነው፤ ይኼ ነው ሰው ያታለለ።
‹ተኛ› ስትሉ ‹አስተኛ›ን ይመስልባችኋል።»
ክፍሉ አጉረመረመ። ቡሪሶ፣ «ይኼስ ግፍ ነው» ብሏል።
እኔ ግን ገባኝ። ትናንት የተኛ ሰው ሁሉ
ያስተኛው እጅ እንዳለ ያስመስላል ቃሉ።

ይኸው ሦስት ሳምንቱ። ስገባ ቀና ይላል፤
ጀርባውን እያሸ ደብተሬን ያገላብጣል፣
ፊደሉን ባያውቀውም።
«ዛሬስ ምን አስተማሩሽ?» ይለኛል ከፍራሹ ላይ።
«መተኛት» እለዋለሁ።
ይስቃል፤ ጎኑን ይዞ። «ለዚህም ይከፈላል ወይ?»