ጠብታው ይመስክር

ሦስት ዓመት ቆጥቤ፣ እቁቤም ወጥቶልኝ፣
ከአጂፕ ወዲያ ማዶ ሙዘሚል ሸጠልኝ፤
ሦስት እግር ያላት፣ ከኋላዋ ቤት፣
መስኮቷ ወደ ላይ የሚከፈት፣
ቀለሟ የሎሚ፣ መደርደሪያ ያላት፣
ሳምቡሳ የምጠብስባት፣ ሻይ የማፈላባት።
ዋስትናዋ ስድስት ወር፣ ከነማኅተም፤
«አይዞሽ ሰዓዳ» አለኝ፣ «ይቺ አታረጅም።»

እውነት ነው፤ አላረጀችም፤
በአሥረኛው ቀኗ አለቀሰች እንጂ፣ ለእርጅናስ አልደረሰችም።

ሐሙስ ነው። ሂርማታ፣ ገበያው ሞልቷል፤
ሰማዩ በጊቤ በኩል ጠቁሮ መጥቷል።
እኔ ደስ ብሎኛል፤
ዝናብ ያባረረው ሰው ሻይ ይፈልጋል።
አሥር የሚሆን ሰው ከታዛዬ ሥር ገባ፤
ከዚያ ጠብ አለ አንድ፣ የማንም ያልሆነ እንባ፣
ከጋለው ዘይቴ ላይ።
ዘይቱ ጮኸ፣ ተረጨ፣ ዘለለ ወደ ላይ፤
ደንበኛዬ ሁሉ፣ ሳይከፍል፣ ብርጭቆ እንደያዘ፣
ከጣሪያዬ ሸሽቶ ወደ ዝናቡ ተጓዘ።

ሙዘሚል ዘንድ ሄድኩ። አየኝ፣ ፈገግ አለ፤
«ሲሊኮን ነው መድኃኒቱ» ብሎ ቱቦ አቀበለ።
ተቀባ። ፈሰሰ።
ሁለተኛ ሄድኩኝ። ፕላስቲክ አለበሰ።
ነፋስ ወሰደው፣ ከአዌቱ ደረሰ።
ሦስተኛ ስሄድ ግን ወንበሩን አዞረ፤
«እህቴ፣ የሸጥኩልሽ ተሽከርካሪ ነው» ሲል ጀመረ፤
«ዋስትናው ለሞተር ነው፤
ሰማዩ ቢያፈስ፣ እኔን ምን አድርግ ነው?»

«ሙዘሚል» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዲሰማው፤
«ጅማ ላይ ተቀምጦ ጣሪያ የሸጠ ሰው፣
ዝናቡንም አብሮ ነው የተዋዋለው።»
ሳቀ። ዘበኛውም ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፣
ሦስት ዓመቴ ጉሮሮዬ ላይ ባይሰነቀር።

ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ተራ ጠበቅሁ፤
ወይዘሪት ሲፈን «ደረሰኝ?» አለችኝ፤ አወጣሁ፤
አወጣሁና ደነገጥሁ።
ለካ መሳቢያው ውስጥ፣ እዚያችው ቤት ውስጥ፣
ጠብታው ደርሶበታል፣ ቀለሙ እስኪቀልጥ።
ፊርማው ሰማያዊ ኩሬ፣ ማኅተሙ የደፈረሰ ጨረቃ፤
ከስሙ አንዲት «ሙ» ቀርታ፣ ሌላው ውኃ ጠጥቶ አበቃ።
ሌባስ የራሱን ዱካ ነው የሚያጠፋ፤
ይሄ ጣሪያ ግን፣ አፍስሶብኝ ሲያበቃ፣ ምስክሬን ደፋ።

ሲፈን ወረቀቱን ወደ መስኮት ያዘች፤
ብርሃን አሳለፈችበት፣ ዝም አለች።
«ቁጥሩ ይነበባል፤ ቀሪው በእሱ ጥራዝ አለ።
ይሄ እድፍ ደግሞ፣ አንቺ ሳትናገሪ፣ ቃሉን ሰጠ፣ ማለ።»

ደብዳቤ ጻፈች፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ሦስት መስመር።
ሙዘሚል አንብቦ መጣ፣ በክርክር፤
«ዛሬ ዝናብ የለም፤ ማፍሰሷ በምን ይታወቃል?»
ሲፈን ሰማዩን አየች፤ «እንቀመጥ» አለች፤ «ይዘንባል።»

ሦስታችን ገባን፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን።
ሻይ ላቅርብ ብል ሲፈን ሂሳቡን አስቀደመች፤
«ጉዳይ ላይ ነኝ» አለች።
ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ነጎድጓድ። ከዚያ ያ ዝናባችን፣
ጠጠር እንደሚደፋ ገልባጭ፣ ከአናታችን።
ሙዘሚል ጣሪያውን አየ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፤
ጠብ አለ ከዓይኑ ሥር፤ ወረደ በጉንጩ፣ በአንገትጌው ሰርጎ።
ማንም አልተናገረም።
ያለቀሰ መስሎ ነበር። አላፌዝኩም።

አንድ ሳምንት ፈጀ። ቆርቆሮው ተነሳ፤
ከሥሩ ብየዳው እንደ ወንፊት የሳሳ።
በያጁ ሻፊ «ይሄማ ሲሠራም እንዲህ ነው» አለ፤
ሙዘሚልም መሬት መሬት እያየ «ነው» ሲል ተቀበለ።
በራሱ ወጪ አስጠገነ።
የባከነብኝ ሥራ ግን ባክኖ ቀረ፤ ያ ሌላ ቀን እጠይቀዋለሁ።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ዘይቱ ይንጫጫል፣ በራሱ ጊዜ፤
እጄ ግን እስካሁን፣ ሰማይ ባጉረመረመ ጊዜ፣
ከመጥበሻው በላይ ይዘረጋል፣ መዳፌ ክፍት፣
ጠብታ ይጠብቃል።
ደረቅ ነው። እንዲያም ሆኖ ይጠብቃል፣ ለጥቂት።